ወፍ የነገረችው ፈረስ

አዲስ ቅዳም ገብታችሁ «ይሄነው የት ነው?» ብትሉ «የትኛው ይሄነው?» ትባላላችሁ። «ፈረንጁ ይሄነው» ካላችሁ ግን ያገኛችሁት ባለባጃጅ ሁሉ ሳይጠይቅ ያደርሳችኋል። ፈረንጅነቱ በመልኩ አይደለም። አጭር፣ ጠይም፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት የሚለብስ ሰው ነው። ፈረንጅ ያሰኘው አፉ ነው። ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ የውጭ ፊልም ሲያሳይ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ ማይክ ይዞ፣ ሰዎቹ የሚሉትን እግር በእግር እየተከተለ በአማርኛ ይናገር ነበር። ከዳንግላም ከእንጅባራም እሱን ለመስማት ብለው በሚኒባስ የሚመጡ ነበሩ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ኋላ ተሸወድን እንዳትሉኝ። ይሄነው እንግሊዝኛ አያውቅም። በወጣትነቱ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ድስት ሲያጥብ «ና»ን፣ «ሂድ»ን እና አንዳንድ ስድብ በፈረንጅ አፍ ለቃቅሟል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የራሱ ፈጠራ ነው። ይህን በሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሚስቱ ሶስና እንኳ አታውቅም። እንዲያውም ሶስና ያገባችው በዚሁ ነው። ተጫጭተው ሳሉ አንድ ፊልም አሳያት፤ ባቡር መስኮት ላይ ያለች ሴት ከታች ለቆመው ወንድ አንድ ነገር ትለዋለች። ይሄነው ያንን ተረጎመላት። ሶስና አለቀሰች፤ በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ውሸታም ነበር ብዬ ላማው አልፈልግም፤ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር። ፊልሙን አስቀድሞ ድምፁን ዘግቶ ደጋግሞ ያየዋል። ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን እንደሚዋሽ ከዓይናቸው ያነባል። በዚህ ብዙም አይስትም። ከዚያ በኋላ የሚተርከው ተመልካቹን አይቶ ነው። የመሰናዶ ተማሪዎች ከበዙ በፊልሙ ውስጥ የሚሰረቀው የፈተና ወረቀት ይሆናል። ባለከሰሎች ከገቡ ጭነቱ ከሰል ይሆናል። ነፍሰ ጡር ሴት ካየ ደግሞ፣ በጥይት ተመትቶ የወደቀውን ሰው «ቆስሎ ነው፣ ይድናል» ይላል። ሰውም ቤቱ ሲገባ ስለራሱ የተሠራ ፊልም ያየ ይመስለዋል።

ያን ዓመት ግንቦት ላይ እጁ የገባው የሰላዮች ፊልም ነበር። ጥይቱ ጥቂት፣ ወሬው ብዙ። እኩሌታው የሚያልቀው ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ ነው። አንደኛው አለቃ ነው፣ ይሰማል። ሌላው ወሬ አቀባይ ነው፣ ይናገራል። ሲናገር ዓይኑ ወደ መስኮቱ ይሄድና ይመለሳል፤ የቀረበለትን ሻይ አይነካም። ይሄነው ደጋግሞ አየውና ገባው። ይህ ሰው ለአለቃው የውሸት ወሬ እየሸጠ ነው። አለቃውም ያምነዋል፤ በዚያ ወሬ ሰበብ ንጹሕ ሰው ይሞታል። ውሸቱ ምን እንደሆነ ግን ከፊት ላይ አይነበብም። ስለዚህ ይሄነው ለዚያ ሰውዬ ውሸት ይፈጥርለት ጀመር፤ ለተማሪዎች አንድ ዓይነት፣ ለባለከሰሎች ሌላ ዓይነት።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ በረዶ ጣለ። እንደ ጠጠር ያለ በረዶ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ሰውን መስማት አልቻለም ነበር። ወደ አዘና የሚመለሱ እንግዳ ገበሬዎች ተጋፍተው ቪዲዮ ቤቱ ገቡ። ከእነሱ ጋር የቤቱ ባለቤት ወርቅአፈራሁ ገባ፤ ፈረሱን በረንዳው ላይ አስሮ። ይሄነው ያንን ክፍል የተከራየው ከእሱ ነው። ከአገሩ ሰው ያን ቀን የነበረው እሱ ብቻ ነበር። በረዶው ሲያባራ ይሄነው ፊልሙን ከፈተና ተመልካቹን ቃኘ፤ ሁሉም ፈረስ የሚያውቅ ሰው ነው። ወሬ አቀባዩ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ይሄነው ማይኩን አነሳና ፈረስ አገባበት።

«ሌባው የፈረሱን ኮቴዎች በጆንያ ጠቀለለ» አለ፤ «ድምፅ እንዳይሰማ። አፉን በገመድ ሸብቦ በጓሮ በኩል ወደ ወንዝ ወረደ። መሻገሪያው ላይ ፈረሱ እምቢ አለ። ሰውዬው ካፖርቱን አወለቀና ዓይኑን ሸፈነው። ማዶ ላይ አንድ ሰው ክብሪት ጫረ፣ አጠፋ። ጫረ፣ አጠፋ። ሌባው ልጓሙን እያቀበለው እኔን አላየኸኝም አለው።» የአዘና ገበሬዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ሰሙ። ወርቅአፈራሁ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «ይች ጥሩ ናት» አለ፣ «ይች ጥሩ ናት።» ይሄነውም ደስ አለው። ያንን ታሪክ ከዚያ ቀን በኋላ ዳግም አልተናገረውም።

ሰኔ ገብቶ ወርቅአፈራሁ ኡኡ አለ፤ ፈረሱ ተሰረቀ። ዳማው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው፣ በጥር የፈረሰኞች በዓል ቀን ሁሉ ሰው የሚያየው ፈረስ። አገር አዘነ። ወርቅአፈራሁ ማንንም በስም አልጠራም፤ ግን የሰው ዓይን ወዴት እንደሚዞር ያውቅ ነበር። ከዮናዳብ ጋር ለከሰል በሚተከል የዲከረንስ ዛፍ ይዞታ ድንበር ይካሰሱ ነበር። ዮናዳብ ከሰል አክሳይ ነው፤ ከሚስቱ ከኑኃሚን ጋር የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት አባል ነው፤ ጠላ ቤት አይገባ፣ ለቅሶ ካልሆነ ከሰው ብዙ አይቀላቀልም። እንዲህ ያለ ሰው ለመጠርጠር ይመቻል። ፖሊስ ምስክር አምጡ ይላል፤ ያየሁ የሚል ሰው ግን የለም። ስለዚህ ሽማግሎቹ አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ ሲጠራ የሚቀር የለም፤ የቀረ ሰው ራሱን ከሰሰ ማለት ነው። ምስጢር ሰሚ የሚሆነው ሽማግሌ አስቀድሞ ይምላል። ያየ የሰማ ሰው ለብቻው ሄዶ ጆሮው ላይ ይነግረዋል። ሽማግሌውም ሕዝቡ ፊት ቆሞ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም፤ የጠየቀ እርጉም ነው። አባቶች ያንን ያበጁት ድሃው ባለጉልበቱን ሳይፈራ እንዲናገር ነው። ለክፉ ሰው ይመች እንደሆነ ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ሰው ተሰበሰበ። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ሶስናም ከእነሱ ጋር። ምስጢር ሰሚው አያ ሽባባው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ በእርቅ የፈጁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ። በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሱ።

«ወፍ ነገረችኝ» አሉ። «ፈረሱ ከበረት ሲወጣ ወፍ አይታለች። ሰውዬው የፈረሱን ኮቴዎች በጆንያ ጠቅልሎ ነው ያስወጣው። አፉን በገመድ ሸብቦ በጓሮ ወደ ወንዙ ወረደ። መሻገሪያው ላይ ፈረሱ እምቢ አለ።» ቆም አሉና ሕዝቡን አዩ። «ሰውዬውም ዮናዳብ ነው አለች።»

ጉርምርምታው ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ጆንያው ነው ሰውን ያሳመነው። ያላየ ሰው ጆንያ ከየት ያመጣል?

ይሄነው መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። ጆንያ። ጓሮ። መሻገሪያ። የገዛ ቃሉ ነው፣ ከነቅደም ተከተሉ። ዓይኑ ሳያዘው ወርቅአፈራሁን ፈለገ። ወርቅአፈራሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀድሞ እያየው ነበር። አልደነገጠም፤ ቤት ያከራየ ሰው ተከራዩን እንደሚያየው ነው ያየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ሶስና አዞረና መልሶ እሱ ላይ ጣለው። ፊልሙ ውስጥ ፈረስ እንዳልነበረ ያን ቅዳሜ አይቷል፤ ብትናገር ሚስትህ ትሰማለች ማለቱ ነበር።

ዮናዳብ ተጠርቶ መሐል ቆመ። «አላደረግሁም» አለ።

«እንግዲያው ማል» አሉት አያ ሽባባው። «የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ይዘህ ማል፤ በመሐላህ ትነጻለህ።»

«አልምልም፣ አባቴ። አላደረግሁም ካልሁ አላደረግሁም ነው። ከዚያ በላይ ቃል የለኝም።»

በጸሎት ቤቱ መማል ክልክል ነው፤ ሕዝቡ ግን ይህንን እንደ እምነት አልሰማውም፤ እንደ ጥፋት ሰማው። ክንዴ የሚባል ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው «ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራዋል?» አለ ጮክ ብሎ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ኑኃሚን ልጇን አዝላ ከሴቶቹ ኋላ ለብቻዋ ቆማለች፤ ሴቶቹ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለውላታል። የሚመጣውን ሁሉም ያውቃል። ዮናዳብ ፈረሱን ይተካል፤ ለመተካት ዛፉን ከነመሬቱ ይለቃል። ከዚያ ወዲያ እሳት የሚያጫጭረው የለም። ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቀብረው የለም። ልጆቹ ከልጅ ጋር አይጫወቱም።

ይሄነው ፈራ። ፍርሃቱን አላሳምረውም። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ቢናገር ቤቱን ያጣል፣ እንጀራውን ያጣል፣ ስሙ የልጆች መሳቂያ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ሶስና አለች። ልትሰማው በማይገባት ቦታ፣ በአገር ሁሉ ፊት ውሸቱን ልትሰማ ነው። አያ ሽባባው ሊፈርዱ ዘንጋቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ፊልሙ ትዝ አለው፤ ያ የሚሰማው አለቃ፣ ያመነው፣ ሰው ያስገደለው። በየጊዜው ያንን አለቃ ሲተርክ «ሞኝ!» እያለ ይሰድበው ነበር። ብድግ አለ።

«አያ ሽባባው፣ ይፍቀዱልኝ። ያ ታሪክ የኔ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ወፍ የነገረችዎ ታሪክ። ፊልም ሳሳይ የተናገርኩት ነው። በጆንያ የተጠቀለለው፣ ወንዙ፣ ሁሉም።»

ክንዴ ተነሳ። «እንዲያውም! ሌባው ከፊልም ተምሮ ሠርቷላ!»

«ዮናዳብ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ያውቃል?» አለ ይሄነው። ዮናዳብ ቪዲዮ ቤቱን ኃጢአት ነው ብሎ ልጆቹን በወዲያኛው የመንገድ ዳር እንደሚያሳልፍ አገር ያውቀዋል። «ገብቶ አያውቅም። ደግሞም ፊልሙ ውስጥ ፈረስ የለም። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ፤ በቃ። ፈረሱን ያገባሁት እኔ ነኝ።»

«ትተረጉም የለም እንዴ?» አሉ አያ ሽባባው።

ይሄነው ወደ ሴቶቹ ወገን ላለማየት መሬት መሬቱን አየ። «እንግሊዝኛ አላውቅም» አለ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ሳቁ ብዙ ሆነ፣ ወዲያው ደግሞ ቆመ፤ ለዓመታት በዚያ ፊልም ያለቀሰና የተከራከረ ሁሉ የራሱ ነገር ትዝ ብሎታልና። ወርቅአፈራሁ ግን ሳቁን አልጨረሰም። «ለመታወቅ ብሎ ነው» አለ ዘና ብሎ። «ፈረንጁ አይደለሁም ካለ ደግሞ ሌባውም እኔ ነኝ ይለን ይሆናል። አያ ሽባባው፣ ይፍረዱ እንጂ፣ ቀኑ መሸ እኮ።»

አያ ሽባባው አልፈረዱም። ወደ ይሄነው ሁለት እርምጃ ቀረቡ። «ወፍ የነገረችኝን ሁሉ ለሕዝቡ አልተናገርኩም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገና ነበር። ታሪኩ ያንተ ከሆነ፣ ከመሻገሪያው ቀጥል።»

ወርቅአፈራሁ ከድንጋዩ ተነሳ። የሚናገር መሰለ፤ ግን ምን ይላል? አንዲት ቃል ከተናገረ ራሱን ሊያጋልጥ ነው። መልሶ ተቀመጠ።

ይሄነው ማይክ እንደያዘ ሰው እጁን ወደ አፉ አስጠጋ፤ ልማድ ሆኖበት ነው። «ፈረሱ እምቢ አለ» አለ። «ሰውዬው ካፖርቱን አወለቀና የፈረሱን ዓይን ሸፈነው። ተሻገረ። ማዶ ላይ አንድ ሰው ክብሪት ጫረ፣ አጠፋ። ጫረ፣ አጠፋ። ሰውዬው ልጓሙን እያቀበለው እኔን አላየኸኝም አለው።»

አያ ሽባባው ዘንጋቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካፖርቱም» አሉ። «ክብሪቱም። አላየኸኝም ያለውም።» ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ብቻ አይደለም፤ ኀዘን ነበር። ምለው ጆሯቸውን የሰጡት ሽማግሌ፣ የሰው ጨዋታ እንደ እውነት ተነግሯቸው ንጹሕ ሰው ሊያጠፉ ነበር።

«ይህንን ስንት ጊዜ ተናገርከው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ያ በረዶ የጣለ ቅዳሜ።»

ሽማግሌው ቀጥለው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ። «ማን ማን ነበር?» የምትለው ጥያቄ ሁሉም ሰው ከንፈር ላይ ነበረች። አያ ሽባባው ግን አፋቸውን ገጠሙ። ይሄነውም ገጠመ። ወፍ አይጠየቅም። ሆኖም በረዶውን የረሳ ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱ ያን ቅዳሜ የት ተጠልሎ እንደነበር፣ ማንን የት እንዳየ በሆዱ ያስብ ጀመር። ቪዲዮ ቤቱ በረንዳ ላይ ታስሮ በረዶ ሲመታው የነበረውን ዳማ ፈረስ ያየ ብዙ ሰው ነበር። ዓይኖች አንድ በአንድ ወደ ድንጋዩ ዞሩ። ወርቅአፈራሁ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሰበሰበ።

«ዮናዳብ፣ ቤትህ ግባ» አሉ አያ ሽባባው። ከዚያ ማንንም ሳያዩ፣ «ፈረሱን የያዘው ሰው ይልቀቀው» አሉ። «መንገዱን ያውቃል።»

በሳምንቱ ፈረሱ መጣ። ወርቅአፈራሁ «በራሱ መጣ» አለ። ጥሊሊ ከተማ ያሉ ዘመዶቹ ደጅ ያየው ሰው ነበር ይባላል፤ ከሄደበት ወፍሮ ነው የተመለሰው። የጠየቀ የለም። በድንበሩም ጉዳይ ሁለተኛ አልተካሰሱም። በሚቀጥለው ጥር ግን ወርቅአፈራሁ በዓሉ ላይ አልጋለበም፤ ወገቤን አሞኛል አለ። ይሄነውን ደግሞ ወዲያው ቤቱን ልቀቅ አለው። ይሄነውም ለምን ሳይል ለቀቀ።

ሶስና ያን እሑድ ወደ ቤት ስትመለስ ከፊት ከፊት ሄደች። «ያች ባቡሩ ላይ ያለችው ሴት» አለች ቤት እንደገቡ። «ምን ነበር ያለችው?»

«አላውቅም፣ ሶስዬ።»

«እኔ በሷ ቃል ነው ያገባሁህ።»

ምን ይበላት? ቃሉ የሴትዮዋ አልነበረም፤ የእሱ ነበር። ይህንን ለማለት ግን አፈረ። ሶስና አብራው ሰነበተች እንጂ አልታረቀችውም። ዕቃ የሚያወጡ ቀን ነው ነገሩ የተለወጠው። እሱ አግዳሚዎቹን ሲሸከም፣ እሷ ሳይነግራት ቴሌቪዥኑን በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋ ወጣች። መንገድ ላይ፣ «ያንን ያልከኝ አንተ ነህ ማለት ነው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። ይሄነው አዎ አለ።

አዲሱ ቤት ወደ እንጅባራ መውጫ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ በመጋረጃ የምትዘጋ። ሰው አነሰ። የመጣውም «ይሄነው፣ ዛሬ ማንን ልትገድል ነው? ምረጥና ንገረን» እያለ ያሾፋል። ሹፈቱን ቻለው፤ ማይኩን በያዘ ቁጥር ግን ቃል ያጥረው ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ያንኑ የሰላዮች ፊልም ከፈተ። ሁለቱ ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሻዩ ቀረበ። ይሄነው ማይኩን አንስቶ ቃል ጠፋበት።

መጋረጃው ተገለጠ። ዮናዳብ ነው፤ ከሰል የነካው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አልገባም። ከደጅ ሆኖ ቴሌቪዥኑን አየ። በሕይወቱ የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር።

«ሰውዬው ምን እያለ ነው?» አለ።

ይሄነው ማይኩን ዝቅ አደረገ። «አላውቅም፣ ዮናዳብ።»

«ይዋሻል?»

«ይዋሻል።»

ዮናዳብ ያንን ወደ መስኮቱ እየሄደ የሚመለስ ዓይን ጥቂት ተመለከተው። «እሱን እኔም አየሁት» አለ። የበሩ መቃን ላይ ተደገፈ፤ የሚሄድ ሰው አይመስልም ነበር። «በል ንገረኝ። ፈረስ ብቻ አታግባበት።»

ይሄነው ማይኩን አነሳ።